የማርያም ያልናት ወርቅ

ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን አሁንም ግድግዳ ግድግዳውን ይዘሽ ነው የምትወጪው ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? ምግብስ? ኪራኮስ በደወልኩ ቁጥር «አጥሚቷን ግጥም አድርጋ ጠጣች» ይለኛል። ወንድሜ አንድ ጉንጭ ከቀመስሽለት «ጨረሰችው» ብሎ የሚያወራ ሰው መሆኑን ስለማውቅ፣ የሚለኝን በግማሽ እየቀነስኩ ነው የምሰማው። እኔ ተመስገን ነው፤ ብርዱ ወገቤን ቢይዘኝም እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ። አርያምም ደህና ናት። «ማሚ፣ አያቴን ላይክ በጣም ሚስ አድርጌያታለሁ በያት» ብላሻለች። አማርኛዋን እንዳትስቂበት፣ ከልቧ ነው።

ምነው በስልክ አልነገረችኝም ትዪ ይሆናል። አንደኛ ነገር ኪራኮስ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ጎንሽ ተጎልቶ ይቀመጣል። ሁለተኛ ደግሞ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ቴሌ ቁጭ ብለሽ የሰው ድምፅ ስታገናኚ የኖርሽ ሴት ነሽ፤ ገና «ሃሎ» ስል እንቅልፍ ማጣቴን ታውቂብኛለሽ። ወረቀት ድምፅ የለውም ብዬ ነው።

ይህን ፖስታ የምታመጣልሽ አፀደ ናት። የእህቷ ልጅ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ቢሆንም፣ ድግሱን ላግዝ ብላ በዚህ ሰንበት ነው የምትበረው። አፀደ ደግ ናት፤ የሰው ዕቃ ግን ሳትነካካ ማድረስ አትችልም። ስለዚህ ፖስታውን በፕላስተር ደጋግሜ ጠቅልዬዋለሁ። ስትቀበያት «ተባረኪ» ብለሽ ፕላስተሩን አገላብጠሽ እዪልኝ። ከተነሳ አንብባዋለች ማለት ነው፤ እሷ ካነበበችው ደግሞ የካልጋሪ ሐበሻ በሙሉ አንብቦታል።

እንግዲህ ትራሱን ከወገብሽ ስር አድርጊና ልንገርሽ። የዚህን ሰሞን በሬ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ እየወደቀች ነው የከረምኩት።

ዶሪስን ነግሬሻለሁ። ያቺ እቤቷ እየሄድኩ ገላዋን የማጥባት፣ መድኃኒቷን የምሰጣት፣ ፀጉሯን የማበጥራት አሮጊት። ፈረንጅ አንቱ ስለማይባል እንጂ በዕድሜዋስ እትዬ የምትባል ናት። ጥር ውስጥ አንድ ቀን፣ እሷ ቤት ሺፍት ላይ እያለሁ ኪራኮስ ደወለልኝ። አውርተን ስንጨርስ ስልኩን የኩሽናው መስኮት ላይ አስቀምጬ አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ ተይው። የዚያን ሰሞን ብርዱም ከባድ ነበር።

ዶሪስ ዎከሯን፣ ያን ተደግፋ የምትራመድበትን ብረት፣ እየገፋች መጣች። ምን ሆንሽ እንኳ አላለችኝም። ተመልሳ ሄደችና የሳል ከረሜላ የነበረበት አሮጌ ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ከዚያ ውስጥ አንዲት ነገር አንስታ መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። «ይቺን እናቴ ሲጨንቃት ትይዛት ነበር። ከእሷ በፊት አያቴ። አሁን ተራው የአንቺ ነው» አለችኝ።

መዳፌን ስከፍት ወርቅ ናት። ግን ምን ዓይነት ወርቅ መሰለሽ! የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ ብታክል ነው። ከጥፍር አትወፍርም፣ ክብ አይደለችም፣ ስምንት ጎን አላት። ላይዋ ላይ የሴት ፊት አለ፤ ከማርጀቷ የተነሳ ራሷን የተከናነበች ትመስላለች። ዙሪያዋን ደግሞ ጥቃቅን ኮከብ።

እማዬ፣ አንቺስ ብትሆኚ ማን ናት ትያለሽ? በኮከብ የተከበበች ሴት ለእኛ ከአንዷ በቀር ማን አለችን? ሳምኳት። ጀርባዋን እንኳ አላገላበጥኩም። ሳለቅስ አይታኝ መጣችልኝ ነው ያልኩት።

የምሠራበት ድርጅት ከደንበኛ ስጦታ መቀበል ይከለክላል። ቸኮሌት እንኳ አይፈቀድም፤ ስንቀጠር ፈርመንበታል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሕጉም፣ ፊርማውም ትዝ አላለኝም። በዚያው ቆሜ ተሳልኩ። ሰው ስለቱ ሲደርስለት ነው የሚያገባው፤ እኔ ልጅሽ ግን አላስቻለኝም፣ አስቀድሜ ልሰጣት ወሰንኩ። ሰው ሲጨንቀው እመቤታችንንም ቀብድ ያስይዛል። ምን ብዬ እንደተሳልኩ አትጠይቂኝ። ስለት ሳይደርስ አይነገርም፣ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት በሶፍት ጠቅልዬ ለቤተ ክርስቲያን አስገባኋት። እዚህ ለስለት የገባ ዕቃ ከቅዳሴ በኋላ ለጨረታ ይቀርባል። ጃንጥላው፣ መጋረጃው፣ ዳቦው ሳይቀር። አጫራቹ መዝገቡ የሚባል የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነው፤ አንቺ ብትሰሚው በሳቅ ትሞቻለሽ። ተራዋ ሲደርስ ሶፍቱን ፈታታ፣ ፈለጋት፣ አጣት፣ እንደገና አገኛት።

«ምእመናን! ይቺን ያሸነፈ ሰው ቤቱ እስኪደርስ እንዳያስነጥስ!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። መነጽሩን አደረገና ወደ መብራቱ ጠጋ አለ። «ኧረ ተዉ፣ አትሳቁ። የእመቤታችን ሥዕል ናት፣ ከነኮከቧ! ወርቅ መሆኗን በጥርሴ ላረጋግጥ ነበር፤ ጥርሴ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይበልጣታል ብዬ ፈራሁ!»

እልልታው ቀለጠ። ታዲያ አየሽ፣ ማርያም ያልኳት እኔ ብቻ አይደለሁም። አፀደ ወዲያው እጇን አወጣች። አፀደ ጨረታ ላይ መሸነፍ አይሆንላትም። ቤዝመንቷ በስለት ጃንጥላ ተሞልቶ ባሏ ማሽላ እንደሚጠብቅ ገበሬ ተደብቆ ነው ቴሌቪዥን የሚያየው። ከኋላ ደግሞ ጋሼ ሃብተ እጃቸውን አነሱ። ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ኤርድሪ የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛን በልጅነታቸው አስመራ ትምህርት ቤት ስለተማሩት ከእኛ አጥርተው ይናገሩታል። አፀደ ጨመረች፣ እሳቸው ጨመሩ። እሷ ዘወር አለችና «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ለጆሮም አትበቃ! ለማን ሊያደርጓት ነው?» አለቻቸው።

«ለኣስካሉ ናት፣ ጓለይ። ለአንገቷ» አሉ፤ ጓለይ በትግርኛቸው ልጄ ማለት ነው።

አፀደ እጇን አወረደች። እትዬ ኣስካሉ፣ ባለቤታቸው፣ ሳንባቸውን ታመው ከአልጋ ከዋሉ መቆየታቸውን የማያውቅ የለም። መዝገቡ እንኳ «ሦስተኛ» ሲል ቀልዱን ረስቶት ነበር። እኔ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር።

ጾሙ ገባ፣ ተጋመሰ። ዶሪስ መታጠቢያ ቤት ወደቀችና ሆስፒታል ገባች። ቤቷ እንደማትመለስ ተወሰነ። እዚሁ ቅርብ፣ ኮክረን የሚኖረው ልጇ ግሌን ቤቱን ሊያስተካክል መጣ፤ እኔም ልብሷን እንዳጣጥፍ ተላክሁ። ግሌን ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ያንን ቆርቆሮ ከፈተና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ከዚያ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«ለእያንዳንዱ የልጅ ልጅ አንዳንድ ናቸው። አንዷ የለችም» አለ።

እማዬ፣ የማጥፈው ሹራብ እጄ ላይ ቀረ።

እሱ ግን ጨዋታ ይዟል፤ ለእኔ ታሪኩን ይነግረኛል። ያኔ ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ ሲባል የዶሪስ ቅድመ አያት እዚያ ወርዶ ነበር አሉ። አገሩ በወርቅ አሸዋ ተጥለቅልቋል፤ ዝርዝር ሳንቲም ግን የለም። ሰው ገበያ የሚገዛው ከከረጢቱ በሁለት ጣት እየተቆነጠረለት ነው። መጠጥ ቤቶችም አውራ ጣቱ ሰፊ የሆነውን አስተናጋጅ መርጠው ይቀጥሩ ነበር፤ ቁንጣሪው እንዲበዛላቸው። ይኼን ሲነግረኝ ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እኔም አላውቅም። ታዲያ ወርቅ አንጥረኞቹ ለራሳቸው፣ መንግሥት ሳያዝዛቸው፣ ግማሽ ዶላርና ሩብ ዶላር የሚሆኑ ጥቃቅን የወርቅ ሳንቲሞች መቱ። እነዚህ የዶሪስ እነዚያ ናቸው። በኋላ ሕግ ከለከለና ሌሎች ሰዎች ለማስታወሻ የሚሸጥ አስመሳይ መሥራት ጀመሩ።

«መለያው ጀርባዋ ነው» አለኝ። «ድብ ከተሳለባት የማስታወሻ ናት፣ ለመጫወቻ ትሁን። የቅጠል ጉንጉን ኖሯት ውስጡ ዶላር የሚል ከተጻፈ ግን እውነተኛዋ ናት። ዓርብ የሚያውቅ ሰው ይመጣል፣ ሁሉንም ያያቸዋል። የጠፋችው ግን እናቴ የምትወዳት ነበረች። አላየሻትም?»

«ላስታውስ» አልኩት። አልዋሸሁም። እውነቱንም አልተናገርኩም። ከዚያ ምላሴን ምን እንደበላው አላውቅም፣ አንዷን አነሳሁና «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሊበርቲ ናታ» አለ። «የነጻነት ምልክት። አሜሪካኖች ገንዘባቸው ላይ የሚያደርጓት።»

ክው አልኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። አየሽ፣ አንድ ጭንቀት የነበረኝ ሁለት ሆነ። አንደኛው የዚህ ዓለም ነው። በእኛ ሥራ አንዴ ስምሽ ከተነሳ የቤቱን ቁልፍ የሚሰጥሽ የለም። መባረሩ አይደለም ያስጨነቀኝ፣ ሥራ ይገኛል፤ የአሮጊት ወርቅ የወሰደች መባሉ ነው። የአርያም እናት፣ የአንቺ ልጅ። ሁለተኛው ደግሞ የስለቱ ነው። ማርያም ብዬ የሳምኳት፣ ማርያም ብዬ ያስገባኋት የፈረንጅ ገንዘብ ከሆነች፣ የለመንኩትን ማን ሰማኝ? አስመልሼ ልስጣቸው ካልኩ ደግሞ ስለት መልሶ መውሰድ ሆነ። ያውም ገና ያልደረሰ ስለት! የምቀጣው እኔ ብሆን ግድ አልነበረኝም።

ቤቴ ገብቼ ሳስታውስ ዋልኩ። ድብ ነበረ? ጉንጉን ነበረ? ድብ ከሆነ የልጅ መጫወቻ ናት፣ ይቅርታ ጠይቄ እገላገላለሁ። አይኔን ስጨፍን ግን የሚመጣልኝ ያቺው የተከናነበች ሴት ናት። ጀርባዋን አላየሁማ! ምግብ ሳበስል ድብ፣ መኪና ሳቆም ጉንጉን። አርያም «ማሚ፣ ኧር ዩ ኦኬ? ፓርክ ካደረግሽ እኮ ቆየሽ» እስክትለኝ ድረስ መሪውን ይዤ እቀመጣለሁ። የድርጅቱ ቁጥር ስልኬ ላይ በታየ ቁጥር ደግሞ ላብ ያጠምቀኛል፤ አንዴ የደወሉት ሺፍት ላይ ሰው ቀርቶባቸው ኖሮ «እመጣለሁ» ስላቸው ድምፄ እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ።

አሁን ደግሞ የሽሮውን ነገር ላንሳ፤ ካላነሳሁት የቀረው አይገባሽም።

ባለፈው በመንገደኛ የላክሽልኝ ሽሮ ደርሶኛል። ማንኪያ ስሰድበት የሆነ ነገር ነካኝ። በላስቲክ የተጠቀለለ። ፈታሁት፣ ሀብልሽ ነው። አባዬ በሠርጋችሁ ቀን አንገትሽ ላይ ያደረገልሽ፣ ገላሽን ስትታጠቢ እንኳ የማታወልቂው ሀብል። በማግስቱ ስደውልልሽ «ሽሮው ደረሰ?» አልሽኝ። «ደርሷል፣ በጣም ይጣፍጣል» አልኩሽ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ኪራኮስ «ኔትወርኩ ሄደ እንዴ?» አለ። ኔትወርኩ የትም አልሄደም ነበር።

ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሀብሉን ለጋሼ ሃብተ እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ያቺን ትንሿን ይመልሱልኛል። ወርቅ በወርቅ ነው፤ ያውም የሚበልጥ። ስለቱም ባዶ አልቀረም፣ ግሌንም ዕቃውን አገኘ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩና ሀብልሽን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ረቡዕ ወደ ኤርድሪ ነዳሁ። መንገዱ ላይ በረዶው እንደ ጭስ እየተንከባለለ ያቋርጣል፣ ትላልቆቹ የጭነት መኪኖች ሲያልፉኝ መኪናዬ ትወዛወዛለች። እኔ ግን የምፈራው መንገዱን አልነበረም።

ጋሼ ሃብተ በሩን ሲከፍቱልኝ ሽርጥ አድርገው ነው፤ የጾም ሾርባ እየሠሩ ነበር። «ግቢ፣ ጓለይ፣ ግቢ፣ ንፋሱን ይዘሽው አትግቢ እንጂ» አሉኝ። የእትዬ ኣስካሉ አልጋ ሳሎን መስኮቱ ጋ ነው። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አለ፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከማተባቸው ጋር፣ ሳትበሳ በቀጭን የብር ክብ ታቅፋ፣ ያቺ ነገር አንገታቸው ላይ አለች።

«ከታሰረችላት ወዲህ ሌሊቱን ትተኛለች» አሉኝ ጋሼ ሃብተ። «ሐኪሙ መድኃኒቱን ስለቀየርኩ ነው ይላል። እኔ አልተከራከርኩትም። እሱም ይመን፣ እኔም ልመን።»

በዚህ መሐል ምን ብዬ ቦርሳዬን ልክፈት? ወደ ኩሽና ይዣቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዶሪስን፣ ግሌንን፣ ዓርብ የሚመጣውን ሰው። ሴትዮዋ ማርያም አለመሆኗንም። ራሴን ደፍቼ ነው የነገርኳቸው። ማንኪያውን እንደያዙ ሰሙኝ፣ ሰሙኝና «ማን ናት ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«ነጻነት ናት አሉኝ፣ ጋሼ።»

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሽርጡን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «አየሽ፣ ጓለይ» አሉኝ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷን ብለን ስንት ልጅ ቀበርን፤ ለካ እንዲህ ትንሽዬ ነበረች! አሁን በጨረታ ገዝቼ ከሚስቴ አንገት ላሰርኳት!» ከዚያ ሳቃቸው እንደመጣው ሄደ። «አንቺ ማርያም ብለሽ ሰጠሽ፣ እኔ ማርያም ብዬ ተቀበልኩ። ሰሚዋ ደግሞ ፊት አይታ አትሰማም። እሱን ለቀቅ አድርጊው» አሉኝ። «ሌላውን ግን ንገሪኝ። ሥራሽን ያሳጣሽ ይሆን?»

«ያሳጣኝ ይሆናል።»

እሳቱን አጠፉ። እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ። ወደ አልጋው ሄዱና ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። ምትክ አልጠየቁኝም፣ የከፈሉትን አላነሱም። ጣታቸው ያረጀ ስለሆነ ቋጠሮው አልታዘዝ አላቸው፤ «እትፍ» እያሉ በጥፍራቸው ይታገሉታል።

እኔ የማየው የእትዬ ኣስካሉን እጅ ነው። ተኝተው እንኳ አውራ ጣታቸው እሷ ላይ ነው። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጎንበስ ብዬ ጀርባዋን አየሁት።

ድብ የለም፣ እማዬ። ጉንጉንም የለም። ዶላርም የሚል የለም። ልሙጥ ናት፣ እንደ ወንዝ ጠጠር። የዶሪስ እናት፣ ከእሷ በፊት አያቷ፣ ሲጨንቃቸው ይዘዋት ኖረዋል አላለችኝም? በአውራ ጣት ሲያሿት ሲያሿት የነበረባት ሁሉ አልቋል። እውነተኛ ትሁን አስመሳይ ዓርብ የሚመጣውም ሰው ሊያውቅ አይችልም። ያንን ሁሉ ቀን ድብ ነው ጉንጉን ነው እያልኩ ስሰቃይ፣ መልሱን ሴቶቹ ከእኔ በፊት ጨርሰውታል።

እትዬ ኣስካሉ ዓይናቸውን ገለጡ። ባላቸውን አላዩም፣ እኔን ነው ያዩት። «ፊትሽ ምነው? ምን ሆንሽ?» አሉኝ በዚያ ትንፋሻቸው። «ነይ። ያዢያት እስቲ ትንሽ።»

ተንበርክኬ ያዝኳት። አውራ ጣቴ የለሰለሰውን ቦታ ራሱ አገኘው። ከዚያ መልሼ እጃቸው ላይ አደረግኩና «ጋሼ፣ አይፍቱት። በፈጠረዎት፣ ተዉት» አልኩ። ጋሼ ሃብተ ቀና ብለው አዩኝና ቋጠሮውን መልሰው አጠበቁት። የአንቺን ሀብል ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። እሳቸውም ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አያውቁም። ሾርባውን አብልተውኝ ሸኙኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን ሳላስር ግሌንን ኮል አደረግኩት። ቆይቼ ቢሆን ልቤ ይከዳኝ ነበር። «ወርቋን እናትህ ሰጥታኛለች፤ እኔም ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻታለሁ። ልመልሳት አልችልም» አልኩት። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ተበታትኖ ነው የወጣው።

«አውቃለሁ» አለኝ። ትናንት ሆስፒታል ሄዶ እናቱን ጠይቋት ኖሯል። «ለማን ሰጠሻት?» ሲላት «ለምታለቅሰዋ ልጅ» ብላዋለች። ስሜ ጠፍቶባታል፣ ለቅሶዬ ግን አልጠፋባትም። ችግሩ ግሌን እናቱን ከመጠየቁ በፊት ለድርጅቱ ደውሎ ነበር። እሱም አዝኗል። «የደወልኩትን መልሼ ልውጠው አልችልም» አለኝ። ስለዚህ ማክሰኞ ለስብሰባ ተጠርቻለሁ፤ እስከዚያ ሺፍት የለኝም። ሌባ አላሉኝም። ሕግ ጥሰሻል ነው የሚሉኝ፣ ጥሻለሁም። ግሌን አብሬሽ እገባለሁ ብሎኛል። ያባርሩኝ እንደሁ ያስቀሩኝ አላውቅም።

ስንጨርስ «ያን ቀን ለምን ነበር ያለቀስሽው?» አለኝ።

ነገርኩት። አየሽ የእኔን ነገር፣ እማዬ! ለአንቺ ያልነገርኩሽን ለኮክረኑ ሰውዬ ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ «አያቴ ስትይዛት አይ ነበር። አሁን ማን ነው የያዛት?» አለ። ስለ እትዬ ኣስካሉና ስለ አውራ ጣታቸው ነገርኩት።

«እንግዲያው ሥራ ላይ ናት» አለኝ። «ተያት።»

እንግዲህ እንዲህ ነው የሆነው። ማክሰኞ የእኔ ስብሰባ ነው፤ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ የአንቺ ራጅ። ማክሰኞውን አልፈራውም። ኪራኮስ ያ በጠብታ የሚሰጥሽ ነገር ለደም ማነስ ነው ብሎሻል፤ አንቺም እሺ ብለሽዋል። ፀጉርሽን አሳጥሬ ተቆረጥኩት፣ ሙቀቱ ነው አልሽኝ፤ እኔም እሺ ብዬሻለሁ። ጎበዞች ነን። ሐሙስ ስትሄጂ ጋቢሽን ደረብ አድርጊ፣ የራጁ ክፍል ይቀዘቅዛል። ሐኪሙ የሚለውን ኪራኮስ ይስማ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተንፍሺ ሲሉሽ ተንፍሺ።

ፖስታው ለምን እንደከበደ፣ ፕላስተሩም ለምን እንደበዛ አሁን ገብቶሻል። አዎ፣ እሱ ነው። በወረቀት ጠቅልዬዋለሁ፣ ቀስ ብለሽ ክፈቺው። እኔ የአንቺን ሀብል የማስርበት አንገት የለኝም። ለፋሲካ አድርጊውና ኪራኮስ ፎቶ ያንሳሽ። ሻሽሽን ካልፈለግሽ አትፍቺው፤ አንገትሽ ብቻ ይታየኝ። ደግሞ ሁለተኛ በሽሮ ውስጥ እንዳትልኪብኝ፤ በበርበሬም ቢሆን መልሼ እልከዋለሁ።

ስለቴ ሲደርስ ያኔ፣ ምን እንደነበረ እነግርሻለሁ። አሁን ሳትጠይቂኝ አሜን በይልኝ።

ጋሼ ሃብተና እትዬ ኣስካሉ ሰላም ብለውሻል፤ ሳያውቁሽ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ፣ በተለይ ተናኘን፣ ሳሚልኝ፤ በሌሊት ተነስታ ታቦቱ ጋ ስለምታደርስልሽ ፀሎት እግሯን ስሜያለሁ በያት። ለፊታችን ፋሲካ በደህና ያድርስሽ፤ ደረጃውን ግድግዳ ሳትይዢ የምትወጪበትን ቀን ያሳየኝ። አንቺም እጅሽን ወደዚህ ዘርግተሽ መርቂኝ፤ ሩቅ ነው አትበዪ፣ ይደርሳል።

ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ምንም የማታውቅ መስላሽ የምትኖር፣
አንቺም እንደዚያው የምትመስያት፣
ልጅሽ